ጥቁሩ ይሳሳ

ሞተር ሳይክላቸውን ፈታትተው በራሳቸው አምሮት እንደገና የሚገጥሙ ልጆች ዘንድ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። የነዳጅ ታንከሩ ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ ማንም አይጣላበትም። ሞተሩ ጋ ሲደረስ ግን ነገር ይመጣል፤ ጥቁር ይቀባ ወይስ ነጩ አሉሚኒየም እንዳለ ይቅር? (እኛ ሳይክሉንም ቤንዚን የሚቃጠልበትንም ክፍል "ሞተር" ነው የምንለው። እዚህ "ሞተር" ስል ሁለተኛውን ነው።) የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ጥቁር። ግን ስስ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ከሥሩ ምንም የማይደብቅ ጥቁር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ መንገድ ዳር ተረጭቶ የማየው አብዛኛው ጥቁር ግን እንዲህ አይደለም። ጠቤ ከእሱ ጋር ነው።

እነዚህን ከተሞች የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ከልክላለች። ምክንያት ሆኖ የቀረበው በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ወንጀል ነበር። የከተማዋን ወሰን ስትሻገሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። በጅማ መስመር ሰበታ፣ በአምቦ መስመር ቡራዩ፣ በጎጃም መስመር ሱሉልታ፣ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ቢጠቃለሉም፣ እዚያ ሞተር ሳይክል ዛሬም ሰው ያደርሳል፣ ዕቃ ያመላልሳል፣ ቤት ያስተዳድራል። ስለዚህ የቀለም ጉዳይ የፎቶ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ሲቃጠል የባለቤቱ እንጀራ ነው የሚቃጠለው።

የመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎቼ "ጥቁር ሙቀት ይስባል" ባዮች ናቸው። ጥቁር ልብስ ለብሰህ ፀሐይ ላይ ስትቆም ያግልሃል፣ ሞተሩም እንደዛው ነው ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ጠፍቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ሞተር ከነጩ ይበልጥ ይሞቃል። ግን ያኔ ሞተሩ አይሠራም፤ ማን ተጎዳ? ሲሠራ ሙቀቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው፣ ጥያቄውም "ምን ያህል ይስባል?" ሳይሆን "ምን ያህል ያስወጣል?" ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ በጨረር ብቻ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,200 ዋት ገደማ ይተፋል። ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም በዚያው ሙቀት ላይ የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ያ መስታወት የሚመስለው ውበት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ነው ማለት ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ይህንን የሚያደርገው ጥቁርነቱ አይደለም። ዓይናችን የሚያየው ቀለምና የጋለ ነገር የሚተፋው ጨረር የተለያዩ ናቸው፤ ነጭ ቀለምም በዚህ በኩል ከጥቁር ብዙ አያንስም። ጥቁርን የምመርጠው ነጩ በሙቀትና በዘይት ቶሎ ስለሚበልዝ፣ ጥቁሩ ግን ስለሚችለው ነው። ደግሞም ሞተር ሳይክል እየሄደ ዋናው አቀዝቃዥ ነፋስ ነው፤ ጨረሩ ከነፋሱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ጨረሩ ድርሻው የሚታየው ሳትንቀሳቀስ ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈህ፣ ወይም ደንበኛ እየጠበቅህ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል።

ሁለተኞቹ፣ ይበልጥ የሚያናድዱኝ፣ "ይወፈር፣ ያብረቅርቅ" ባዮች ናቸው። ሲሊንደሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት ስስ ክንፎች የተሠሩት ነፋስ በመሃላቸው እንዲያልፍ ነው። እነሱ ጋ ግን መጀመሪያ ጭረቱ በስቱኮ ይደፈናል፣ ከዚያ የመኪና በር የሚቀባበት ቀለም ሦስት አራቴ ይደረብበታል። ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። የቀለም ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ የሆነ ስስ ቀለም፣ ሙቀቱ ወደ ነፋሱ ለመውጣት ያለበትን ችግር የሚጨምረው በ1 በመቶ ገደማ ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። አንድ ሚሊ ሜትር ስቱኮና ቀለም ግን ወደ 25 በመቶ ይጨምርበታል። ይሄ ሞተር ማስዋብ አይደለም፣ ለሞተር ጋቢ ማልበስ ነው።

ትክክለኛው መንገድ አዲስ ነገር የለውም፤ እናቶቻችን ምጣድ ላይ ሲያደርጉት አይተናል። አዲስ ምጣድ ዝም ብሎ አይጋገርበትም፤ ይሟሻል። የጎመን ዘር እየታሸበት፣ ቀስ እያለ እየጋለ፣ ጥቁር ሆኖ ይለሰልሳል። ያ ጥቁር ስስ ነው፣ ምጣዱ ላይም በእሳት ተይዟል። ሙቀት የሚችል ቀለምም እንደዛው ነው። መጀመሪያ ብረቱ ከዘይትና ከቅባት ይጽዳ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር፤ ካላጸዳህ ምንም ብትቀባ ይላጣል። ከዚያ ሁለት ስስ ዙር ይረጭ። ከዚያ ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ደረጃ በደረጃ ይጋል፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ይጋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፤ ያልተሟሸ ቀለም ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይለቃል። በአሸዋ የሚያስጠርግ ካለ ቀዳዳውን ሁሉ ይድፈን፤ የዘይት መተላለፊያ ውስጥ የገባ አሸዋ ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል።

ሦስተኞቹ ሊደብቁ የሚቀቡ ናቸው። ሊሸጥ የተዘጋጀ አሮጌ ሞተር ሳይክል ድንገት ሞተሩ ጥቁር ሆኖ ከመጣ፣ ውበቱን ከማድነቃችሁ በፊት ዙሪያውን ዳስሱት። ጋስኬቱ ዘይት ያለቅስ ይሆናል፤ ቴስታታው ተሰንጥቆ ተበይዶ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን የሞተር ቁጥሩ በቀለም ሲደፈን ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብረቱ ላይ መነበብ አለበት። "ያምራል" ብለህ ስትደፍነው፣ ሞተር ሳይክል የያዘን ሁሉ ሌባ አድርጎ ለሚያይ ሰው ማስረጃ እየሠራህለት ነው። የ2011ዱ ክልከላ ብዙ ንጹሕ ሰው ከጥቂት ወንጀለኛ ጋር አንድ ላይ የቀጣ ይመስለኛል፤ ይህን ደጋግሜ እከራከራለሁ። ግን ይህን ክርክር ቁጥሩ በተደፈነ ሞተር ላይ ተቀምጦ ማሸነፍ አይቻልም። ከመርጨትህ በፊት ቁጥሩ ላይ ፕላስተር ለጥፍ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

"ጥቁር ሞተር የፋሽን ነገር ነው" ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝ አገር ቪንሰንት የተባለው ኩባንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ብላክ ሻዶው የተባለ 998 ሲሲ ሞተር ሳይክል አወጣ። ሞተሩ በእሳት የተጋገረ ጥቁር ቀለም ነበረው፤ ራፒድ የሚባለው ወንድሙ ግን ነጭ አሉሚኒየሙን እንደያዘ ነበር። ልዩነታቸው ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም ስሙን አያነሳም ነበር። የብላክ ሻዶው ሞተር ውስጡም ተሻሽሎ ከራፒድ የፈጠነ ነበር። ጥቁሩ ውስጥ የተሠራውን ሥራ የሚያሳይ ምልክት ሆነ።

እኛ ጋ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ምልክቱ ቀድሞ ሥራው ይረሳል። ስለዚህ ጋራዥ ገብታችሁ "ጥቁር አድርግልኝ" ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ዙር ነው የምትረጨው? ከሥሩ ምን ትሞላበታለህ? ቁጥሩንስ እንዴት ትተወዋለህ? ሠዓሊው በጥያቄው ከተናደደ፣ ሞተራችሁን ነጭ እንደሆነ ይዛችሁ ውጡ።