የታፈነ አፍንጫና ያለ ቀዶ ጥገና የሚገኝ ፈውስ

በጀረር ሸለቆ በምትገኘው በደገሀቡር፣ በጂላል የድርቅ ወራት ነፋስ የሚያስነሣው ትቢያ ከከሰል ጢስና ከዕጣን ጋር ተባብሮ የእስትንፋስን መግቢያ ሲደፍን፣ ሌሊቱን በአፉ እየተነፈሰ ጉሮሮው ደርቆ የሚያድር ሰው፣ ቀዶ ጥገና ከማሰቡ በፊት የሚሞክረው ፈውስ እንዳለ ልናሳስብ እንወዳለን።

ከሁሉ የሚቀድመው በጨው ውሃ መታጠብ ነው፤ ይኸውም አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልቶ፣ ለብ እስኪል አብርዶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ ራስን ዘንበል አድርጎ በአንዱ ቀዳዳ እያፈሰሱ በሌላው ማስወጣት ነው። ከቢርካ፣ ማለትም ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ የተቀዳ ያልፈላ ውሃ ግን፣ ነገሩ እጅግ ብርቅ ቢሆንም፣ አንጎልን የሚያጠፋ ተሕዋሲ ሊያስገባ ስለሚችል ፈጽሞ ወደ አፍንጫ አይግባ።

አለርጂ ላለበት ሐኪም የሚያዝዘው የስቴሮይድ መርጫ ኃይሉ የሚገለጠው፣ ዘወትር ሲወሰድ፣ ከጥቂት ቀናት እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና በማግሥቱ ተስፋ ቆርጦ መጣል አይገባም። ይልቁንም እጅግ የሚያሳዝነን፣ አፍንጫን በቅጽበት የሚከፍተውን እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለውን ጠብታ ያለ ምክር ገዝቶ ወራት ማዝለቅ ነው፤ ከ5 ቀን በላይ ሲዘወተር ውስጡ መልሶ ያብጣልና፣ ሕመምተኛው ጠብታውን በጨመረ ቁጥር መታፈኑ ይብስበታል።

የአፍንጫው አጥንት የተጣመመ እንደ ሆነ መድኃኒት አያቃናውም። ከአንድ ወገን ብቻ የሚደፈን ወይም የሚደማ አፍንጫ፣ እንዲሁም ሕፃን ዶቃ ወይም ባቄላ ከትቶበት የሚሸት ፈሳሽ የሚወርደው፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህንኑ በሶማሊኛ ቤት ለቤት እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን።