ቪዛ የማይሰጠው ችሎት፦ በአውስትራሊያ ጥገኝነት የተከለከሉ ሰዎች አቤቱታ

በአውስትራሊያ የጥበቃ ቪዛ ጠይቆ የተከለከለ ሰው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት የመውሰድ መብት አለው። ይህ ወሬ ከባሕር ማዶ ወደ ትውልድ መንደር ሲደርስ ግን ትርጉሙ በቀላሉ ሊዛባ ይችላል። "ፍርድ ቤት ገብቷል" ሲባል ወላጅ "ዳኛው ችግሩን ሰምቶ ይፈቅድለታል" ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ለጠበቃ ክፍያ በሬ ከመሸጡ ወይም ብድር ከመግባቱ በፊት ግን የችሎቱን ሥልጣን ማወቅ ይገባዋል።

የጥገኝነት ጥያቄውን በመጀመሪያ የሚወስነው የሚኒስትሩ ውክልና ያለው የመንግሥት ባለሙያ ነው። ጥያቄው ውድቅ ከሆነና አመልካቹ በእስር ላይ ካልሆነ፣ በ28 ቀናት ውስጥ ለአስተዳደር ውሳኔዎች መርማሪ ጉባኤ ማመልከት ይችላል። ጉባኤው እ.ኤ.አ ከጥቅምት 14 ቀን 2024 ጀምሮ የቀድሞውን ይግባኝ ሰሚ አካል ተክቷል። ፍሬ ነገሩን እንደ አዲስ ይመረምራል፤ ማስረጃም ይመዝናል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፍርድ ቤት ሥራው የተለየ ነው። አመልካቹ ወደ ሀገሩ ቢመለስ ይሰደዳል ወይስ አይሰደድም የሚለውን አይወስንም። የሚመረምረው ጉባኤው ከሕግ ሥልጣኑ መውጣት አለመውጣቱን ብቻ ነው። የቀረበለትን አቤቱታ ሳያይ አልፎ እንደሆነ፣ የመሰማት መብት ነፍጎ እንደሆነ ወይም ሕጉን አዛብቶ ተርጉሞ እንደሆነ ይመለከታል።

በመሬት ክርክር እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት የደረሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሰበር ሰሚው ድንበሩ የት እንደሆነ ምስክር አይሰማም፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ይመረምራል እንጂ። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ። የአውስትራሊያው ፍርድ ቤት ስህተት ቢያገኝም ቪዛ አይሰጥም፤ ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩን ለጉባኤው ይመልሳል። ጉባኤውም ሕጉን ጠብቆ ዳግም ሊከለክል ይችላል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ2003 በሰጠው ውሳኔ፣ ምክር ቤቱ በሚያወጣው ሕግ ይህን የዳኝነት ምርመራ ፈጽሞ ሊዘጋው እንደማይችል አረጋግጧል። ባለሥልጣን ሕግ ጥሶ ሰውን ወደ አደጋ እንዳይመልስ የቆመ አጥር ነው። አጥር ግን ቤት አይሆንም።

ጊዜውም አጭር ነው። አቤቱታው ጉባኤው ከወሰነበት ቀን ጀምሮ በ35 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ማራዘሚያ የሚፈቀደው ለፍትሕ አስፈላጊ መሆኑ ሲታመን ነው። የተሸነፈ ሰው የመንግሥትን የክርክር ወጪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል። ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው እዚያው ሀገር ሳለ፣ ሚኒስትሩ ካልፈቀደለት በስተቀር ዳግም የጥበቃ ቪዛ መጠየቅ አይችልም።

ስለዚህ የቤተሰብ እገዛ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። የክስ ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የምስክር ቃል ካለ ቀድሞ መላክ አለበት። በጉባኤው ፊት እንኳ ያለ በቂ ምክንያት ዘግይቶ የቀረበ ማስረጃ የአመልካቹን ተአማኒነት ይጎዳል። ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ እውነተኛውን ታሪክ ጭምር ያስጠረጥራል። "ፍርድ ቤቱ ቪዛ ያሰጥሃል" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላም ችሎቱ የሌለውን ሥልጣን እየሸጠ ነው።