ቅሬ የማይደርስላቸው ቀኖች

በጎብዬና በዙሪያዋ ባሉ የራያ ቆላ ቀበሌዎች አንድ ሰው ሲታመም ቅሬው ይነሣል። ጐልማሶች ቃሬዛ ያበጃሉ፤ በሽተኛውንም እየተፈራረቁ በትከሻቸው እስከ አስፋልቱ ያደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ መኪና ተፈልጎ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ይወሰዳል። ሲሞትም ቅሬው ይነሣል። መቃብር ይቈፈራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ካህናትም ፍትሐት ያደርሳሉ። ተዝካሩም በ40 እና በ80 ቀኑ ይወጣል። በእነዚህ በሁለቱ መነሣቶች መካከል ግን ማንም የማይነሣበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ ልናደርግ የምንችለው የለም፤ ቤት ውሰዷቸው» ብሎ ካሰናበተ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሳምንታት ሊሆን ይችላል፤ ወራትም ሊሆን ይችላል።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደችኝ የአጥቢያችን እናት ናት። የማኅፀን በር ካንሰር ነበረባት። ከአንድ ሆስፒታል ሁለት ካርድ የራስ ምታት ክኒን ይዛ ተመለሰች። ሦስት ወር ያህል በጓዳ ተኛች። ከቍስሉ የሚወጣው ሽታ ጠያቂን ከደጃፍ ያስቀር ነበር፤ ልጇ ቀኑን ሙሉ ዕጣን ታጨሳለች፤ ሌሊት ደግሞ የእናቷ ጩኸት ለጎረቤት እንዳይሰማ በሩን በጨርቅ ትወትፋለች። የንስሐ አባቷ ኑዛዜ ሊቀበሉ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጄ ከውጭ ቆሜ ነበር። ካሰብኩት በጣም ፈጥነው ወጡ። «ሕመሙ አላናገራትም፤ ነገ ይምጡ ብላኛለች» አሉኝ። በማግሥቱ ስንመለስ አንደበቷ ተይዞ ነበር።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ምእመናን የሕመም ማስታገሻን ጉዳይ የሥጋ ምቾት ብቻ አድርገው ያዩታል፤ ስቃይን ችሎ መሞት ይበልጥ መንፈሳዊ የሚመስላቸውም አሉ። ሰማዕታት ስቃይን መቀበላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በስቃዩ ተወው ብላ አታውቅም። በየቅዳሴው ስለ ሕሙማን የምንጸልየው፣ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነው ምሥጢረ ቀንዲል ለሕሙማን የተሠራው በከንቱ አይደለም። ሕመም ከልክ ሲያልፍ ሰው ማሰብ ይሳነዋል፤ መጸለይ፣ የበደሉትን ይቅር ማለት፣ ተናዝዞ ለቅዱስ ቍርባን መዘጋጀትም ይሳነዋል። ያቺ እናት ያጣችው ዕረፍት ብቻ አልነበረም፤ ኑዛዜዋንም ጭምር ነበር።

ታዲያ ምን ሊደረግላት ይቻል ነበር? በአዲስ አበባ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ተቋም አለ። መሥራቿ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ናት። «ሆስፒስ» ሲባል ብዙዎቻችን በሽተኞች ተደርድረው የሚተኙበት ሕንፃ ይታየናል፤ የእነርሱ ዋና ሥራ ግን በእግር ነው። ነርሶቹ ቦርሳቸውን ይዘው ከሰፈር ሰፈር ይሄዳሉ። ሕመሙ ከዐሥር ስንት እንደሆነ በሽተኛውን ይጠይቁታል፤ የሚዋጥ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ እንዴት እንደሚሰጥ፣ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ድርቀት የሚያለሰልሰው ምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ያስተምራሉ። የመኝታ ቍስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማገላበጥ፣ የደረቀ አፍን በእርጥብ ጨርቅ ማራስም ከዚሁ ትምህርት ይቈጠራል። በእኛ ሰፈር ዕጣን ያልሸፈነውን ያን የቍስል ሽታ እንኳ ሜትሮኒዳዞል የተባለው የታወቀ ክኒን ተፈጭቶ ቍስሉ ላይ ሲነሰነስ ሊቀንሰው ይችላል። ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ያጣነው ይህን የሚያውቅና ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ሰው ነው።

ሌላው መንገድ ማደሪያ ቤት ነው። በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቈጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቷል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የመጨረሻ እስትንፋሳቸውን ያወጡት እዚያው፣ በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ታጥበውና ተጐርሰው ነው። የእማሆይ ቴሬዛ ማኅበር እኅቶችም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገራችን የታመሙና በሞት አፋፍ ያሉ ድኾችን ይቀበላሉ። በሃይማኖት ብንለያይም ሥራቸው ሊያስቀናን ይገባል። ነገሩ ከእኛ አባቶች ጓዳ የወጣ ነውና። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ከከተማው ውጪ ለሕሙማን፣ ለለምጻሞችና ለእንግዶች ሰፊ ማረፊያ የሠራው በስሙ የምንቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስ ነው።

በዚህ ዘመን ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ማሰባሰብ ከቀድሞው ቀሏል። በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ ሕንፃ ማጠናቀቂያ በቀጥታ ሥርጭት የተደረገው ልመና ሕዝቡ ሲጠየቅ እንደማይሰስት አሳይቶናል። የማይታየው ግን ካሜራው ከጠፋ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። የሰውን ሰገራ የሚያጥቡ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው ገንዘው በአራተኛው አልጋ ላይ ያለውን በፈገግታ «እንዴት አደሩ አባቴ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ይደክማሉ፤ ኀዘን ይከማችባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ሳይናገሩ ይተዋሉ። ለሕሙማኑ ካህን እንልካለን፤ ለአስታማሚዎቹ የንስሐ አባት መድበን «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ብለን የጠየቅን ግን ጥቂት ነን። ጉልበት ያለውን ወጣት ለአንድ ቀን ጉብኝት በአውቶቡስ ጭኖ መውሰድና ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ መልካም ቢሆንም፣ አስታማሚዋ የምትፈልገው በወር ሁለት ሌሊት የሚተካትን ሰው ነው።

የመድኃኒቱ ነገር ደግሞ የብቻው ፈተና አለው። የዓለም የጤና ድርጅት ሞርፊንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ይሁንና ይኸው ድርጅት በዓለም ላይ የማስታገሻ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ይገልጻል። ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. የዚህን እንክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎብዬ እስኪደርስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ኡጋንዳ በ2004 እ.ኤ.አ. የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቅዳለች፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚሞት ሰው ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅምና።

በእኛ በኩል ያለው እንቅፋት ደግሞ ፍርሃት ነው። «መድኃኒቱ ያሳብዳል፤ ሱስ ያስይዛል፤ ቶሎ ይገድላል» ይባላል። በባለሙያ ተመጥኖ፣ ከጥቂት ተጀምሮ ሲሰጥ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ሰውን አይገድልም። «ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይነካም» የሚለውንም ቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ መልሳዋለች። በእንጦጦ ጠበል የነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉን መጠመቅና መድኃኒቱን መውሰድ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። በዚያው ዘመን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽናችን ምእመናንን አሠልጥኖ የቤት ለቤት አስታማሚዎች አድርጎ ነበር። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ሠርተነው ስለ ተውነው ሥራ ነው።

ወደ ጎብዬ ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ሲያልፍ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መድኃኒት አጥተው ያለፉ የስኳርና የኩላሊት ሕሙማንም ነበሩ። ከዚያም ወዲህ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ቀን አለ። የካንሰር በሽተኛን ለጨረር ሕክምና ወደ ሩቅ ከተማ መላክ በደኅናውም ጊዜ ማሽላውንና በሬውን የሚያሸጥ ጉዞ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሞተው በቤቱ ነው፤ ወደፊትም እንዲሁ ይሆናል። ለዚህ ሕዝብ የሚበጀው ትልቅ ሕንፃ ነው ብዬ አላምንም። የእኛ በሽተኛ ቤተሰብ አለው፤ ቤተሰቡ ግን እንዴት እንደሚያስታምም አያውቅም፤ ደክሟልም። አንዲት የሠለጠነች ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጡ ካህን፣ ተራ የሚገቡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የቅሬው ዳኛ ተቀናጅተው ቢሠሩ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። ከሩቅ ቀበሌ ለመጣና ወገን ለሌለው ደግሞ ከሰበካ ጉባኤው ይዞታ ሁለት ክፍል ማዘጋጀት ይበቃል።

በወሎ ቅሬ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው እንደሚጽፉ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሥራው ከቅሬ ጋር ከተያያዘ በእነዚያ ሁለት ክፍሎች ሙስሊም ጎረቤታችንም ይተኛል፤ ሼኹም እንደ ንስሐ አባቱ ይገባሉ። ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ስላሉ አስቀድሜ መልሴን ልስጥ፤ ቃሬዛውን በአንድነት የተሸከመ ሕዝብ አልጋ ላይ ሲደርስ የሚለያይበት ምክንያት የለም።

ወጪውን አስልቻለሁ። ከባዱ የነርሷ ደመወዝ ነው፤ ፍራሹ፣ የላስቲክ አንሶላው፣ ጓንቱና ሳሙናው ከአንድ መካከለኛ ተዝካር ድግስ አይበልጥም። ተዝካር ይቅር አላልኩም፤ ለሙታን መጸለይና ነዳያንን መመገብ ሥርዓታችን ነው። ነገር ግን ሟች በሕይወት ሳለ አንድ ሲኒ ሾርባ የሚያጐርሰው አጥቶ፣ ከሞተ በኋላ በስሙ በሬ ሲታረድ ሳይ ይከብደኛል።

የቅሬያችንን ንብረት መዝገብ ባለፈው ሰሞን አገላብጬ ነበር። ሁለት ድንኳን፣ ዐሥራ አንድ ድስት፣ ወንበሮች፣ አካፋና ዶማ፣ ሁለት ቃሬዛ ተመዝግቧል። ፍራሽ የለም። በሚመጣው ስብሰባ ሁለት ፍራሽና አንድ የአስታማሚዎች ተራ ዝርዝር እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የዚያች እናት ልጅም በተራው መጀመሪያ ላይ ስሟን እንድጽፍ ነግራኛለች።