ሰው መስሎ የሚመሰክር ማሽን

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በስዊዘርላንድ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት ይፋ ሲሆን ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሬዲት በተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ሰዎች አቋማቸውን ለክርክር በሚያቀርቡበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፉ ቦቶችን ለወራት አሰማርተው ነበር። ቦቶቹ ከ1,700 በላይ አስተያየቶችን ጻፉ። አንዱ የመደፈር ጥቃት እንደ ደረሰበት ሰው ሆኖ ተናገረ፤ ሌላው የሥነ ልቡና አማካሪ ነኝ አለ። የመድረኩ ደንብ በማሽን የተጻፈ ሁሉ እንዲገለጥ የሚያዝ ቢሆንም፣ አስተባባሪዎቹ የሰሙት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ጉዳዩ ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ እንደ ሆነና እያንዳንዱን ጽሑፍ ጉዳት እንዳያደርስ እንደ መረመሩት ገልጸው ተከራከሩ። በመጨረሻ ግን ውጤቱን ላለማሳተም ወሰኑ።

እኛ ይህን ነገር እንዴት እንመዝነው? ማሽን መጻፉ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በቴሌግራም የዕለቱን ግጻዌና የበዓላቱን ቀን የሚያደርሱን ቦቶች አሉ። መተግበሪያው ራሱ ቦት መሆናቸውን ስለሚያሳይ የሚታለል የለም። ደወልም ምእመናንን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጠራል፤ ደወሉን ካህን ነው ብሎ የተሳሳተ ግን የለም።

ችግሩ ያለው በምስክርነቱ ላይ ነው። «ደርሶብኛል» የሚል ቃል ክብደት የሚያገኘው ከተናጋሪው ሕይወት ነው። «ሰማዕት» የሚለው የግእዝ ቃልም ምስክር ማለት ነው፤ ቅዱሳን ሰማዕታት የመሰከሩትን በደማቸው አጽንተዋል። ማሽን ግን አልታመመም፣ አልተራበም፣ ለቃሉም የሚከፍለው ዋጋ የለውም። ሰው መስሎ ሲናገር፣ በዘፀአት ምዕራፍ 20 የተከለከለው የሐሰት ምስክርነት ይፈጸማል። ተጠያቂው ግን ማሽኑ ሳይሆን ያሰማራው ሰው ነው።

ጉዳቱም በተታለለው ሰው ብቻ አይቆምም። በሌሊት ጭንቀቱን ለጻፈ ወንድም «እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ በጸበል ዳንኩ» ብሎ የሚመልስለት ቦት ቢሆንና በኋላ ቢታወቅበት፣ ያ ወንድም በእውነት የዳነችውን እኅት ምስክርነት እንኳ ይጠራጠራል። በእውነት የተጎዳ ሰውም መከራውን ከመናገሩ በፊት ሰው መሆኑን እንዲያስረዳ ይገደዳል።

ስለዚህ የማኅበራትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች የመወያያ ቡድኖችን የምታስተባብሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቦት ካስገባችሁ ቦት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ስለሚያስተላልፈው ቃል የሚጠየቅ ሰውም በስም ይታወቅ። የነፍስ ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ ጠያቂውን ወደ ንስሐ አባቱ ምሩት፤ በዚያ የሚሰማውም፣ የሚያዝንለትም፣ የሚጸልይለትም አባት ያገኛልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።