«ከማን ወገን ነው?» ማለት ይብቃን

አንድ ልጅ በወቅቱ አፉን ሳይፈታ ቀርቶ ሐኪም «ኦቲዝም ነው» ሲል፣ በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ከማን ወገን ነው የመጣው?» የሚል ነው። «ምን እናድርግለት?» የሚለው ዘግይቶ ይመጣል። የእናት ዘመዶች የአባቱን፣ የአባት ዘመዶች የእናቱን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ትናንት «እርግማን ነው»፣ «ቡዳ ነው» ይል የነበረ ሰው ዛሬ «በዘራቸው ያለ ነው» ይላል። አነጋገሩ ዘመናዊ መሰለ እንጂ ክሱ አልተለወጠም። የዘረመል ጥናት ግን እንዲህ ያለ ፍርድ በማንም ላይ አልሰጠም። ክሱ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ልጁን ነው፤ የሚያሳጣውም ቋንቋውን ነው።

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ኦቲዝም አለበት። ቤታችን መናኸሪያው አጠገብ ስለነበር የመጀመሪያ ቃላቱን የለቀመው ከአውቶቡስ ረዳቶችና ከተሳፋሪዎች ነው። «ሳበው!» ካለ ወደ ውጭ መውጣት ፈልጓል። «ወራጅ አለ!» ካለ ደግሞ በቃኝ፣ ይቁምልኝ ማለቱ ነው። እናቴና እኔ ይገባን ነበር፤ ለሌላው ሰው ግን ከንቱ ጩኸት ነበር።

እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ በመጣ ዕለት ወንድሜ ጓዳ እንዲገባ ተደረገ። ወጉ ከተያዘ በኋላ አንደኛው ሽማግሌ በትሕትና «መቼም ነውር አይሁንብንና፣ በቤተሰቡ የሚታወቅ ሕመም አለ?» ሲሉ ጠየቁ። አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለም» ብሎ መለሰ። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳ «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ አንገቷን ደፋች፤ እንግዶቹም ያልሰሙ መሰሉ። ወንድሜ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ይልቅ እውነቱን ተናግሮ ነበር። በቃኝ፣ አውጡኝ ነው ያለው።

ይህን በቅጡ የተረዳሁት በክረምት መርሐ ግብር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስማር ነው። ኦቲዝምን ቀድመው በዝርዝር ከገለጹት አንዱ የሆነው የጆንስ ሆፕኪንሱ ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ 11 ልጆች ጻፈ። ሦስቱ አይናገሩም ነበር። በ1946 ደግሞ በሌላ ጽሑፉ፣ የእነዚህ ልጆች ትርጉም የለሽ የሚመስሉ ሐረጎች መጀመሪያ የት እንደተሰሙ ሲታወቅ ትርጉማቸው እንደሚገለጥ አሳየ። በ1981 ባሪ ፕሪዛንትና ጁዲት ዱቻን የልጆቹን ቃል መድገም አጥንተው፣ ድግግሞሹ ለመጠየቅ፣ ለመመለስ፣ ተራን ለመጠበቅ እንደሚያገለግል አረጋገጡ። የወንድሜ «ወራጅ አለ» ቋንቋ ነበር ማለት ነው።

ያው ካነር ግን የልጆቹ ወላጆች ቀዝቃዛ ናቸው ብሎም ጽፎ ነበር። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አግንኖ ጥፋቱን በእናቶች ላይ ደፈደፈው። የእኛዋ እናት «ምን በድለሽ ነው?» ስትባል የአሜሪካዋ እናት «ስላልወደድሽው ነው» ተባለች።

ይህን ክስ ያናጋው የመንትዮች ጥናት ነው። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በብሪታንያ 21 ጥንድ መንትዮችን መረመሩ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዲህ አልሆነም። የንግግር መዘግየትና መሰል የአእምሮ እድገት ችግሮች አብረው ሲቆጠሩ ቁጥሩ ከ11ዱ ጥንዶች 9፣ ከ10ሩ ደግሞ 1 ሆነ። እያንዳንዱ ጥንድ በአንድ እናት እጅ ነው ያደገው። ልዩነቱን ያመጣው የእናት ፍቅር ማነስ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንዲህ ባልተከፈለ ነበር። ኦቲዝምና የቋንቋ እድገት በዘረመል እንደሚቀራረቡም ያን ጊዜ ታየ።

«እንግዲያው ዘር ነው ማለት ነው!» የሚል ይኖራል። ዘረመል ማለት ግን የአንድ ወገን ጉድለት ማለት አይደለም። በ2020 የወጣ፣ ከ35,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ዘረመሎችን ለየ። በእነዚህ ዘረመሎች ላይ ከታዩት ለውጦች አንዳንዶቹ በእናትም በአባትም የሌሉ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ እያንዳንዳቸው ኢምንት ድርሻ ያላቸው ብዙ ልዩነቶች አሉ፤ እነሱን ሁላችንም ተሸክመናቸዋል፤ ጠያቂዎቹ ሽማግሌዎችም ጭምር።

እንደ እኔ ያለችውን እህት ደግሞ በቀጥታ የሚመለከታት ጥናት አለ። በስዊድን ከ800,000 በላይ ልጆች መዝገብ ተመርምሮ በዚያው በ2020 ታተመ። አክስታቸው ወይም አጎታቸው ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል ኦቲዝም የሚገኝበት ከ100 ከ3 እስከ 5 ገደማ ነው፤ በጠቅላላው ሕዝብ 1.5 ያህል ነው። ከፍ ማለቱን አልክድም። ግን ከ100 ልጆች ከ95 የማያንሱት የሉበትም። የእናት ወገንና የአባት ወገን ሲነጻጸሩም የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ለታናናሽ ወንድሞችና እህቶች ዕድሉ ይበልጣል፤ ከ5 ልጆች ወደ 1 ይጠጋል። ይህ ቁጥር ታናናሾቹን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቅርብ ለመከታተል ይረዳል፤ ትዳር ለማፍረስ ግን ምክንያት አይሆንም።

ዘረመል ስለ ንግግርስ ምን ይላል? አንዳንድ ጊዜ ብዙ ይላል። ሻንክ3 የተባለው ዘረመል ሲጎድል ንግግር በጣም ይዘገያል ወይም ጭራሹን አይመጣም። በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ቁራጭ የሚጎድላቸው ልጆች ደግሞ ቃሉን እያወቁት ከንፈርና ምላስን አስተባብሮ ማውጣቱ ያስቸግራቸዋል። እነዚህ ግን ከብዙ ጥቂቶቹ ናቸው። ስለ አብዛኛው ልጅ «ይህ ይናገራል፣ ያ አይናገርም» ብሎ በእርግጠኝነት የሚተነብይ የደም ምርመራ የለም።

ለዚህም ነው ተስፋ መቁረጥ ስሕተት የሚሆነው። በ2013 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በ4 ዓመታቸው ንግግራቸው እጅግ ዘግይቶ የነበረ 535 ልጆችን ተከታተለ። 70 በመቶዎቹ ቃላት አጋጥመው ለመናገር፣ 47 በመቶዎቹም አቀላጥፈው ለመናገር በቅተዋል። በ2014 ደግሞ ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ፣ ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆናቸውና ጥቂት ቃል ብቻ የነበራቸው 61 ልጆችን በጨዋታ እያስተማሩ፣ ለከፊሎቹ ሥዕሉን ሲነኩት የሚናገር መሣሪያ ጨመሩላቸው። መሣሪያው የተጨመረላቸው የበለጠ ተናገሩ። «ሥዕል ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት ነው። ወንድሜ ዛሬ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ያልቻለውን በካርቶን ላይ በሠራሁለት ሥዕሎች ያሳየናል።

ክሱ ልጁን ቋንቋ ያሳጣዋል ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። የተከሰሰ ቤተሰብ ልጁን ይደብቃል። የተደበቀ ልጅ የሚያነጋግረው፣ አብሮት የሚጫወት፣ ሲያመለክት ዓይኑን ተከትሎ የሚያይለት ሰው ያጣል፤ ንግግር የሚበቅለው ደግሞ በዚሁ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይህ ገብቷቸው ነበር። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን ሳይደብቁ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ የንግግር ማስተማሪያም አዘጋጁ። በ2021 ቢያርፉም ያሳዩት መንገድ አልተዘጋም። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ይውሰድ፤ እናቴም ወስዳዋለች። ጠበሉ ልጁን ከማነጋገርና ከማስተማር አያግድም።

የጤና ባለሙያዎች «ጄኔቲክ ነው» ብለው ወላጅን ማሰናበት የለባቸውም። ያቺ አንዲት ቃል ቤት ስትደርስ ምን እንደምትሆን አይቻለሁ። «የማንም ጥፋት አይደለም» የሚለውን ባልና ሚስቱ አብረው ባሉበት ይንገሯቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም በዘረመል ምርምሩ ይሳተፉ። እስካሁን የተሰበሰበው መረጃ በአብዛኛው አውሮፓዊ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው፤ ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት እጅግ የሰፋው ግን የሚገኘው አፍሪካ ውስጥ ነው። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ኒውሮዴቭ በተባለው ጥናት ጀምረዋል። እኛ ስንጀምር የቤተሰቦች ምስጢር በጥብቅ ይጠበቅ፤ ለምን እንደምል የሽምግልና ባህላችንን የሚያውቅ ይረዳኛል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ቀላሉ ሥራ ነው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለችን። ስለ ክትባትና ስለ ምግብ ስትጠይቅ፣ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል ወይ? የወደደውን በጣቱ ያሳያል ወይ? ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል ያጋጥማል ወይ? ብላ አብራ ትጠይቅ። መልሱ «የለም» ከሆነ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ ቀጥሎም ወላጆቹ ከልጁ ጋር እንዴት መነጋገርና መጫወት እንደሚችሉ ይሠልጥኑ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ሥልጠናና መመሪያ ይበቃል። ጤና ሚኒስቴር መመሪያውን ሊያወጣ ይችላል። እኛ ወላጆች፣ እህቶችና መምህራን ደግሞ እስኪወጣ ድረስ በግልጽ እየወጣን፣ ልጆቻችንንም ይዘን እየወጣን መጠየቅ አለብን።