የማሽንን ሕመም የሚሰማ ጆሮ

ጅዳና መካ በማሽን ድምፅ ውስጥ የሚኖሩ ከተሞች ናቸው። በሩዋይስ በሙቀቱ ወራት ከየመስኮቱ የሚወጣው የሙከይፍ ጉርምርምታ ለነዋሪው እንደ ዝምታ ይቆጠራል፤ የሚያባንነው ሲቆም ነው። ከጅዳ በስተደቡብ በሹዐይባ የባሕሩ ውኃ ጨዉ እየተለየ ለሁለቱ ከተሞች የሚደርሰው ሌት ተቀን በሚሠሩ ፓምፖች ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የሐጅ ሰሞን በመካ የሙቀቱ መጠን 51.8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የፓምፕ ወይም የኮምፕረሰር መቆም የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ማሽን ብዙውን ጊዜ ከመቆሙ በፊት ይናገራል። በኩሽኔታ ውስጥ የተፈጠረች ትንሽ ስንጥቅ ኳሱ ባለፈባት ቁጥር ትመታለች፤ መግቢያው ላይ ግፊት ያነሰው ፓምፕ ደግሞ በውስጡ የእንፋሎት አረፋዎች እየፈነዱ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ነባር መካኒኮች የካቻቢቴውን ጫፍ በሞተሩ አካል፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አድርገው ይህን ያዳምጣሉ። በአገር ቤትም ባለ ወፍጮው ድንጋዩ መወቀር እንዳለበት በድምፁ ይለያል።

ዛሬ ይህን ችሎታ ለሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ማስተማር ተችሏል። በማይክሮፎን የተቀረጸው ድምፅ በየቅጽበቱ ቀጭኑና ወፍራሙ ምን ያህል እንደሆነ ወደሚያሳይ ሥዕል ይለወጣል። መረቡ የጤነኛውን ማሽን ሥዕል ብቻ እየተመለከተ መልሶ መሣልን ይለማመዳል፤ አንድ ቀን በትክክል መሣል ያቃተው ሥዕል ሲመጣ ያስጠነቅቃል። ጤነኛው ብቻ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድምፁን ለመቅረጽ ብሎ ውድ ፓምፕ የሚሰብር ማን አለ? የጃፓኑ ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ2019 የፓምፕ፣ የማራገቢያ፣ የቫልቭና የተንሸራታች ሐዲድ ድምፆችን ከፋብሪካ ጫጫታ ጋር ቀላቅሎ ለተመራማሪዎች በነጻ ማቅረቡ ለዘርፉ ትልቅ ስንቅ ሆኗል።

ነገር ግን በሌላ አገር ፋብሪካ የተማረ ጆሮ በቀይ ባሕር ዳርቻ ብዙ ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ። እዚህ ጨዋማ አየር፣ አቧራና ከባድ ሙቀት አለ። በረመዳንና በሐጅ የሥራው ጫና ይለወጣል። በቀዝቃዛው ወር የሰለጠነ መረብ በሐምሌ የሚደክመውን ጤነኛ ኮምፕረሰር በሽተኛ ሊለው ይችላል። በከንቱ ደጋግሞ የሚጮህን ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሠራተኛው ያጠፋዋል፤ እውነተኛው ጩኸት ሲመጣ ሰሚ አይኖርም።

ድካሙን ከሕመሙ የሚለየው በቦታው የዋለ ባለሙያ ነው። ከእነዚህም መካከል ሙከይፍ የሚጠግኑና ሕንፃ የሚጠብቁ ወገኖቻችን ይገኙባቸዋል። «ድምፁ ተለውጧል» የሚለው ቃላቸው ብዙ ጊዜ ማሽኑ እስኪቆም ድረስ ሳይመዘገብ ይቀራል። ኮምፒዩተር ያንኑ ሲናገር ወዲያው የሚታመን ከሆነ፣ ሚዛኑ ተዛብቷል። ስለዚህ ቴክኖሎጂውን የሚገዛ ድርጅት ከመሣሪያው ጋር የሠራተኛውንም ጆሮ ይቁጠር፤ ምን እንደሰማ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዝገብ፣ ከተቀረጸው ድምፅ ጋር ይያያዝ፣ ለዚህም ድካም ተገቢው ክፍያ ይታሰብለት። መረቡን ማስተማር ሥራ ነውና።

አንድ ስጋት ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። ኮምፕረሰር የሚያዳምጥ ማይክሮፎን የሰውንም ንግግር ይሰማል። ከደመወዙ እስከ ቤተሰቡ ጉዳይ በማሽኑ አጠገብ የሚነጋገር ሠራተኛ መቀረጹን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በቴክኒክ ረገድ መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ድምፁ እዚያው በመሣሪያው ውስጥ ተመርምሮ ውጤቱ ብቻ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል እንዲላክ ማድረግ ይቻላል። ለማሠልጠኛ መቀረጽ ያለበትም ሠራተኛው እያወቀና በተወሰነ ሰዓት ይሁን።

ቅጂው መጀመር ያለበት ማሽኖቹ ገና በጤንነት ላይ ሳሉ፣ የሙቀቱ ወራት ሳይገቡ ነው፤ በየወሩም መታደስ አለበት። ለመጀመሪያው ጊዜ አንድ ሕንፃ፣ ጥቂት ማይክሮፎኖችና ድምፁን ለዓመታት የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ይበቃሉ።