ከምሽግ የወጣው ደብተር

«ጦርነት ሊቅ ይወልዳል» ባዮች አንድ የሚወዱት ታሪክ አላቸው። ወታደሩ ምሽግ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጥይት በአናቱ እያፏጨ፣ ማንም ያላሰበውን ቀመር ይጽፋል። ታሪኩ በማነቃቂያ ጽሑፍ መልክ ይዞራል፤ ማሳረጊያውም የታወቀ ነው፦ «እሱ እዚያ ሆኖ ከሠራ አንተ እዚህ ሆነህ ምን ሰበብ አለህ?»

ለዚህ ዓይነት ስብከት ከቮልፍጋንግ ዶብሊን ታሪክ የበለጠ የሚመች የለም። ሰውየው እውነተኛ ነው፣ ሥራውም እውነተኛ ነው። ውሸቱ ያለው ታሪኩ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ነው።

ዶብሊን እ.ኤ.አ. በ1915 በርሊን ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ «በርሊን አሌክሳንደርፕላትስ» የተሰኘው ልቦለድ ደራሲ አልፍሬድ ዶብሊን ናቸው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበርና ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 አገር ጥሎ ወጣ፤ ፓሪስ ገባ። ልጁ የፈረንሳይ ዜግነት አገኘ፤ በ23 ዓመቱ፣ በ1938፣ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። የሚያጠናው ፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም የዕድልና የአጋጣሚ ሒሳብ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ውትድርና ገባ። በትምህርቱ የመኮንንነት ሥልጠና ማግኘት ሲችል አልፈልግም ብሎ ተራ ወታደር ሆነ። ሥራውም የስልክ ኦፕሬተርነት ነበር።

አሁን ወደ ምሽጉ እንምጣ። ደብተሩ የተጻፈው ከ1939 መጨረሻ እስከ 1940 መጀመሪያ ባለው ክረምት፣ ሎሬን ውስጥ አትዬንቪል በምትባል መንደር ነው። በእነዚያ ወራት በምዕራቡ ግንባር ከባድ ውጊያ አልነበረም። ሁለቱ ሠራዊቶች ተፋጠው ተቀምጠዋል። ዶብሊን ሌሊት የስልክ ተራው ሲደርሰው በተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋል። ለመምህሩ ለሞሪስ ፍሬሼ በላከው ደብዳቤ፣ ሒሳብ የሚሠራው ድብርቱን ለመከላከል እንደሆነና እንደ ጓዶቹ በመጠጥ መጽናናት እንደማይሆንለት ገልጿል። እንግዲህ ያንን ደብተር የሰጠን የጥይት ፉጨት አይደለም። ጥይቱ ዝም ያለበት ጊዜ ነው። ጦርነቱ የሰጠው ነገር ቢኖር ድብርቱን ነው።

በፌብሩዋሪ 1940 ደብተሩን በታሸገ ፖስታ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ላከ። ይህ የቆየ ልማድ ነው፦ ጸሐፊው ሐሳቡ መጀመሪያ የእሱ መሆኑን ያስመዘግባል፤ እሱ ወይም ቤተሰቡ ካልፈቀደ ፖስታው ለመቶ ዓመት አይከፈትም። ርዕሱ የኮልሞጎሮቭ እኩልታ ነበር። ውሃ ላይ እንደምትዋልል የአበባ ብናኝ በየቅጽበቱ በዘፈቀደ የሚንቀሳቀስ ነገር ከጊዜ በኋላ የት ሊገኝ እንደሚችል የሚመረምር ጥያቄ ነው።

ማነቃቂያው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቀጥሎ ወደ 2000 ይዘላል፤ ፖስታው ይከፈታል፤ ጭብጨባ።

የተዘለለው ይኸው። ሜይ ላይ ጀርመኖች አጠቁ። ጁን 21 ቀን 1940 የዶብሊን ክፍል ተበታትኖ፣ እሱም ቮዥ ተራሮች ሥር ሁሴራስ የምትባል መንደር ደርሶ፣ የጀርመን ወታደሮች ሲቃረቡ አንድ የገበሬ ቤት ገባ። በእጁ የነበሩትን ወረቀቶች አቃጠለ። ከዚያም ራሱን አጠፋ። 25 ዓመቱ ነበር፤ ስሙ ሳይታወቅ ተቀበረ። የተቃጠሉት ወረቀቶች ላይ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። የ«ጦርነት ሊቅ ይወልዳል» ሒሳብ ይህን አመድ የት ይመዘግበዋል?

«ታዲያ ሂትለርን መዋጋት አልነበረበትም?» የሚል ይኖራል። ነበረበት እንጂ። ዶብሊን ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ ለዚህም ነው ልዩ አያያዝ ያልፈለገው። የእሱ ውሳኔ ክብር ይገባዋል። ክብር የማይገባው፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ታጥቆ ስልክ ሲጠብቅ የተሻለ ቦታ ያልፈለገለት መንግሥት ነው። ከዚያም በላይ የሚያናድደው፣ ያንን ብክነት ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለወጣቶች እንደ አርአያ የሚሸጠው ሰው ነው። የሰውየውን ጽናት ለጦርነቱ ማስመዝገብ ስርቆት ነው።

ደግሞ ማነጻጸሪያ አለ። በዚያው በ1940 መጀመሪያ ሌላው የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ቬይ ውትድርናውን ሸሽተሃል ተብሎ ሩዋን ከተማ ታስሮ ነበር። እስር ቤት ሆኖ ከሕይወቱ ታላላቅ ሥራዎች አንዱን ጀመረ። «እስር ቤት ሊቅ ይወልዳል» ብሎ ልጁን ወህኒ የሚልክ አባት ግን አልተሰማም። ቬይ ተፈታ፣ አሜሪካ ገባ፣ እስከ 1998 ኖረ።

ጃፓናዊው ኪዮሺ ኢቶ ደግሞ በጦርነቱ ዓመታት ቶኪዮ ውስጥ የመንግሥት ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ወንበርና ጠረጴዛ ነበረው፤ ለራሱ ምርምር የሚሆን ጊዜም አልነፈጉትም። ዛሬ ባንኮች የአክሲዮን ውል ዋጋ ሲተምኑ የሚጠቀሙበትን ሒሳብ መሠረት ያኖረው እዚያ ሆኖ ነው። በሜይ 2000 የዶብሊን ፖስታ በወንድሙ ፈቃድ ሲከፈት፣ በኢቶ ስም ለሚጠራው ቀመር በጣም የቀረበ ሐሳብ ተገኘበት። ኢቶም የተወለደው በ1915 ነው። ፖስታው ሲከፈት በሕይወት ነበር።